ራኬቶችሽን የወጠርኩት እኔ ነኝ

ለናፍቆቴ ለኦሬሊ፤

እንደምን ሰነበትሽ ልጄ? የፖርቱጋል ፀሐይ ተስማማሽ? እዚህ ካናዳ፣ ሺኩቲሚ ወንዙ በረዶ ሆኗል፤ እኛ ግን ካንቺ ናፍቆት በቀር ደህና ነን።

የመጀመሪያ የፕሮፌሽናል ጨዋታሽን ያሸነፍሽ ዕለት አባትሽ ጎረቤታችንን ሉሲያንን አላስቀምጥ አለው። «ያንተ ልጅ ሆኪውን ይጎትት፤ የኔዋ በቴኒስ አውሮፓን እያንቀጠቀጠችልህ ነው!»

ዘንድሮ ግን አባትሽ እንደየዓመቱ ጓሮው ላይ ውሃ አፍስሶ የበረዶ መንሸራተቻውን አልሠራም። «ልጅ በሌለበት ለማን ብዬ?» ይላል።

ራኬቶችሽን ልከናል። ከልጅነትሽ ጀምሮ ክራቸውን የሚወጥረው እሱ ነበር፤ አሁን ግን እኔ ነኝ፤ ከላላብሽ እኔን ውቀሺ። እሱማ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ሳቢው እንጂ ጊሌን! የልብስ ማስጫ አደረግሽው እኮ!» እያለ ሲያላግጥብኝ ዋለ። ምድጃው እየነደደ እንኳ በርዶት ነው መሰለኝ፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ አላወጣም።

ማክሰኞ ጠዋት ጠዋት አትደውዪ፤ ሁለታችንም ቤት የለንም።

«ውድድሯን ሳትጨርስ እንዳትመጣ» ብሎሻል። እኔም የምልሽ ይህንኑ ነው። ብቻ እሱ የወጠረው ራኬት አንድ እንኳ ተርፎሽ እንደሆነ፣ አትጫወቺበት ልጄ፤ አስቀምጪው።

ዓይንሽን እስካይ በሩቁ የምስምሽ፣
እናትሽ ጊሌን