ስምንት ወር የተወዳደሩት ሦስት ስልኮች

ሰኔ 10 ቀን 2008 ዓ.ም.
ላሊበላ

ለተከበሩ አቶ ሙሉሃብት
የግዥና የናሙና መርማሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላቅ ያለ ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፤

ወገብዎ ከስብሰባ ወንበር፣ ዓይንዎ ከስልክ መስታወት ጉዳት እንዲጠበቅልዎ፣ ዕድሜዎም ከማንኛውም ስልክ ባትሪ የረዘመ እንዲሆንልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔና ሱቄ ከሦስቱ ስልኮቻችን ናፍቆት በቀር እጅግ ደኅና ነን።

የመሥሪያ ቤትዎን ስም ለክብሩ ስል አልጻፍኩትም። በሩ ላይ የተለጠፈውን «ስብሰባ ላይ ነን» የሚል ወረቀት አንብቦ የተመለሰ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ መለጠፌም ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ። በመዝገብ ቤት በኩል አራት ጊዜ ያስገባኋቸው ደብዳቤዎች እርስዎ ዘንድ እንዳልደረሱ በትሕትና ስለ ተነገረኝ፣ ነገም ቅዳሜ ገበያ ስለ ሆነ፣ ከሚያነቡት ሰዎች አንዱ በቃል ያደርስልኛል ብዬ ነው።

ለገበያተኛው አንባቢ ነገሩን ባጭሩ ላስረዳ። መሥሪያ ቤቱ በገጠር ቀበሌዎች ለሚሠሩ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሥራ ሁለት ስማርት ስልክ ለመግዛት አቀደ። ባለሙያዋ የታመመውን ከብት ፎቶ አንሥታ ትልካለች፤ እዚህ ከተማ ያለው ሐኪማችን ዶክተር ተክለ ሚካኤል አይቶ በዕለቱ መድኃኒቱን ያዛል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ያፈለቀውን ሰው ባገኘው እጁን እስም ነበር። ጥቅምት 4 ቀን፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ ሦስት ዓይነት ስልክ ለናሙና እንዳቀርብ ተጠየቅሁ፤ አንድ የኮሪያ፣ አንድ የቻይና፣ አንድም አገር ውስጥ የተገጣጠመ። ለንጽጽር የሚያስፈልገው ሦስት ቀን ብቻ እንደ ሆነ ተነግሮኝ ፈርሜ አስረከብሁ። እኔ የየቀኑን ነገር በማስታወሻ ደብተር የምይዝ ነጋዴ ነኝ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች ከደብተሬ እንጂ ከቂሜ የወጡ አይደሉም።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ።

1. በመጀመሪያ ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ። ለሦስት ቀን የሄዱት ስልኮች ዛሬ ስምንት ወር ከስድስት ቀን ሆኗቸዋል። መዘግየቱ ከቸልተኝነት እንዳልመጣ ራሴ ምስክር ነኝ። ኅዳር 9 ቀን ውጤቱን ልሰማ ብመጣ፣ ክቡርነትዎ የጠዋቱን የቴክኖሎጂ ዜና ከሬዲዮ ሰምተው ስለ ነበር፣ «አቶ ሰውአገኝ፣ የኮሪያው አዲስ ሞዴል በየካቲት ይወጣል እየተባለ ዛሬ አሮጌ እንግዛ እንዴ?» ብለው ሸኙኝ። የካቲት 21 ቀን ስመለስ የኮሪያው ወጥቷል፤ ነገር ግን የቻይናው ሚያዝያ ላይ ከእሱ የበለጠ ነገር ሊያወጣ መሆኑን ፌስቡክ ላይ አንብበዋል። ሚያዝያ ላይ ደግሞ ወደፊት እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ስልክ ይመጣል የሚል ወሬ ስለ ተሰማ ስብሰባው ላልታወቀ ጊዜ ተላለፈ። እኔ በዚህ ንግድ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ ስልክ ሠሪዎች አዲስ ነገር ማውጣት ያቆሙበትን ዓመት ግን አላጋጠመኝም። የሚያቆሙበትን ቀን ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ ኮሚቴ ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ይህም ለከተማችን ትልቅ ክብር ነው።

2. ሁለተኛ፣ ስለ ማወዳደሪያ ሰንጠረዥዎ። ለፊት ካሜራ ሠላሳ ነጥብ፣ ለመስታወቱ ውበት ሃያ፣ ለቅጥነቱ ሃያ፣ ውኃ ውስጥ ገብቶ ለመትረፍ ዐሥራ አምስት፣ ለፍጥነት ዐሥር፣ ለባትሪ ዕድሜ አምስት ነጥብ ተሰጥቷል። የቧንቧ ውኃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣባት ከተማ ውስጥ፣ ስልክ የሚሰጥምበት ውኃ አስቀድሞ የታየው መሪ ማግኘታችን ተስፋችንን አለምልሞታል። በጨለማ መንገድ ለሚያሳየው መብራት ግን አንድም ነጥብ አላየሁም። ይህን ያነሣሁት የአሸተን ማርያሙ መርጌታ ገብረ ዮሐንስ ባለፈው ሱቄ መጥተው ስለ ነበር ነው። የባለቤቱን ፊት አይቶ የሚከፈት ስልክ ባሳያቸው፣ «ልጄ፣ በዚህ አገር እኔን የማያውቅ ማን አለና ነው? ይልቅ ወደ ደብሬ ስወጣ ገደሉን የሚያሳየኝ መብራት አለው?» አሉኝ። አለው አልኳቸው። አንዴ አብርተው አጠፉት፣ በቀሚሳቸው ኪስ ከተቱትና ከፍለው፣ ባርከውኝም ሄዱ። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ለመንግሥት ሥራ እንደማይመች አሁን ገብቶኛል።

3. ሦስተኛ፣ ስልኮቹን በቢሮ ዘግተው ሳያስቀምጡ በተግባር ስለ ፈተሿቸው አመሰግናለሁ። የኮሪያው ጥቅምት 18 ቀን ለልምድ ልውውጥ ጋሸና ወርዶ፣ ከአንድ ትልቅ ሳህን ጥሬ ሥጋ ጎን ልምድ ተለዋውጧል፤ የሥጋው ቅላት፣ የሚጥሚጣው ደቃቅነት፣ የሁለቱ የኮሚቴ አባላት የደስታ ብዛት ፍጹም ጥርት ብሎ ወጥቷል። የቻይናው ጥር 12 ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ በአሸተን ዳገት ላይ ክቡርነትዎን በቅሎ ላይ ተቀምጠው ሳሉ አንሥቷል። በቅሎዋን የሚጎትተው ሰውዬ ግንባር ላይ ያለው ላብ ጠብታ በጠብታ ስለሚቆጠር፣ ካሜራው በእውነት የሚያስመሰግን ነው። አገር ውስጥ የተገጣጠመው ደግሞ በእህትዎ ልጅ ሰርግ ቪዲዮ ሲቀርጽ ውሎ፣ እንግዳው ሁሉ ደክሞት ሲበተን እሱ ገና ባትሪ ነበረው። ይህን ሁሉ በምን አወቅህ ቢሉኝ፣ ለመልሱ ከታች ቦታ ትቼለታለሁ።

4. አራተኛው ነጥብ ላይ ቀልዴን ትንሽ ገታ ማድረግ ስለሚኖርብኝ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ስልኩን ከሚጠብቁት ባለሙያዎች አንዷ ብልባላ ያለችው ወይዘሪት ወለላ ናት። ግንቦት መጀመሪያ ላይ የጋሽ ደሳለ በሬ ቆዳው ላይ እብጠት አወጣ። ጋሽ ደሳለ ያለው በሬ ያ አንድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ በሬ ጋር በመቀናጆ ያርሳል። የእሱ በሬ ከተኛ የሁለት ቤት እርሻ ቆመ ማለት ነው፤ ሕመሙ ተላላፊው ዓይነት ከሆነ ደግሞ የቀበሌው ሁሉ። ወለላ በእጇ ባለችው ተራ ስልክ ለዶክተሩ ደወለች። «እንደ ሽንብራ ያህላል» ስትል፣ «ጠንካራ ነው ለስላሳ? አንገቱ ላይ ብቻ ነው ወይስ እግሩም ላይ? ሳላይ መድኃኒት አላዝም» አላት። ሐኪሙ አንድ፣ ቀበሌው አሥራ ሁለት ስለ ሆነ በማግሥቱ ሊደርስላት አልቻለም። እሷም የተሻለ ዘዴ ስላልነበራት፣ በሬውን በእርሳስ ሥላ ለጋሽ ደሳለ አስያዘችው።

ግንቦት 6 ቀን ቅዳሜ ጋሽ ደሳለ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ጀርባ መጥቶ ሥዕሉን ለዶክተሩ ሲያቀርብ እኔ እዚያው ነበርሁ። ከሥሩ «ዶክተር፣ ይቅርታ፤ ጆሮው ትንሽ ረዝሞብኛል፤ እብጠቱ ግን ልክ ነው» የሚል ተጽፎበታል። ዶክተሩ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ አዟዟረው።

«ጋሽ ደሳለ፣ ይኼ ነጥብ ነጥቡ እብጠት ነው ወይስ እርሳሱ ተሰብሮባት ነው?»

«እኔ ምኑን አውቄ! እሷ ናት የሣለችው።»

«እግሩስ? እግሩን ለምን አልሣለችውም?»

«ወረቀቱ አለቀባታ። ምን ላድርግህ ዶክተር፣ በሬውን ተሸክሜ ላምጣው?»

በዚያች ሰዓት፣ ክቡር ሆይ፣ ሦስቱ ስልኮች የት እንደ ነበሩ ደብተሬን ገልጬ ልነግርዎ እችላለሁ። ጋሽ ደሳለ ግን አልጠየቀም። ሥዕሉን አጥፎ በጉያው ከተተና ባዶ እጁን ተመለሰ። በሬው ዛሬ ድኖ እያረሰ ነው። እንዴት እንደ ዳነ በቦታው እደርስበታለሁ፤ የእርስዎም እጅ ስላለበት ሳልገልጽ ብቀር ውለታ ቢስ እባላለሁ።

5. በመጨረሻ ስለ ራሴ። ይህ ነጋዴ የሚጮኸው ሽያጭ ቀርቶበት ነው እንደሚባል አውቃለሁ፤ ሐሰትም አይደለም፣ ነጋዴ ነኝ። ስለዚህ ለኮሚቴው ሥራ የሚያቀል ሐሳብ ላቅርብ። ሦስቱም ስልኮች ፎቶ ያነሣሉ፤ ሦስቱም ይልካሉ። ለሚፈለገው ሥራ ዕጣ ተጥሎ ቢመረጥ እንኳ ስሕተት አይገኝም። ከእኔ መግዛት ከከበደዎም ከመንገዱ ማዶ ከተፎካካሪዬ ከወይዘሮ ባንቺዓለም ይግዙ፤ እርግጠኛ ነኝ ከእኔ አስወድዳ ትሸጥልዎታለች። ካርቶኑን ተሸክሜ ብልባላ የማደርሰው ግን እኔ ነኝ፤ ይህንንም በሕዝብ ፊት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። የምለምነው ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው እንዲሆን ብቻ ነው። በሽታው የሚጠብቀው አዲስ ሞዴል የለውምና።

ለሥራ የሚነሡበት እግር፣ ለፊርማ የሚዘረጋ እጅ፣ ከዜናውም መካከል ለአፍታ ቀና የሚል አንገት ፈጣሪ እንዲሰጥዎ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮት በሩቁ እጅ የምነሣዎ፣ በመዝገብ ቤት የማልታወቅ፣ በናሙና አቅራቢነቴ ግን ስምንት ወር ሙሉ ያገለገልኩዎ፣

ሰውአገኝ ወልደ ኪዳን
የሞባይልና የሞባይል ዕቃዎች ነጋዴ

ግልባጭ፦
ለወይዘሪት ወለላ (ከአንድ የእርሳስ መቅረጫና ሰፋ ካለ ወረቀት ጋር)
ለመዝገብ ቤት (እንደ ልማዱ ቢጠፋ በሚል ሁለት ኮፒ)
ለሦስቱ ስልኮች (በክቡርነትዎ ኪስ በኩል)

ተጨማሪ፦ ከላይ ቃል የገባሁት መልስ ይኸውና። አብዛኛው ደንበኛዬ ኢሜይል የለውም፤ ስለዚህ አዲስ ስልክ ስከፍት የማስገባው የሱቁን ኢሜይል ነው፤ ስልኩ ሲሸጥ የገዢው ይተካበታል። የእርስዎ ሦስቱ ግን እስከ ዛሬ ስላልተሸጡ ያሉት በእኔ ኢሜይል ነው። በሩ ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» ተለጥፎ እርስዎ ዘወትር ዐሥር ሰዓት ላይ ሻይ የሚጠጡበት ሆቴል ዋይፋይ አለው፤ ስልኩ ዋይፋዩን ሲያገኝ፣ ያነሧቸው ፎቶዎች ሁሉ፣ የተነሡበት ቀንና ሰዓት ተጽፎባቸው፣ ሱቄ ቁጭ ባልሁበት፣ በዚያው ኢሜይል ወደ ተከፈተው ወደ እኔ ስልክ ይገባሉ። መጀመሪያ ስልኬ የታመመ መስሎኝ ነበር።

ግንቦት 10 ቀን ኮሚቴው «ካሜራውን በገጠር ሁኔታ ለመፈተሽ» ብልባላ መውጣቱን ያስታውሳሉ። በዚያ ቀን፣ በሰንጠረዥዎ ሦስተኛ በወጣው አገር ውስጥ በተገጣጠመው ስልክ፣ መነጽር አድርገው ፈገግ ብለው ራስዎን ያነሡት ፎቶ ማምሻውን ደረሰኝ። ከጀርባዎ፣ ከጋሽ ደሳለ ጎን፣ አንድ በሬ ቆሟል። አንገቱና ጎኑ ላይ ያለው እብጠት አንድ በአንድ ይታያል። ሮጬ ለዶክተር ተክለ ሚካኤል ወሰድኩለት፤ በጣቱ አጉልቶ አጉልቶ አየውና፣ «አወቅሁት! ይኼስ ይተላለፋል፤ ዛሬውኑ ከሌሎቹ ለይተው ይሰሩት» ብሎ ለወለላ ደወለላት። መድኃኒቱና ለቀበሌው ከብት ሁሉ የሚሆነው ክትባት በማግሥቱ ጠዋት በመኪና ሄደ። የጋሽ ደሳለ በሬ ከሰኔ 3 ቀን ጀምሮ ቀንበር ተሸክሟል። እንግዲህ ኮሚቴዎ በስምንት ወር ውስጥ ሳያውቀው አንድ ቀን ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው፤ እንኳን ደስ አለዎ።

ፎቶዎቹን ለማንም አላሳየሁም፣ አላሳይምም፤ ያየው ዶክተሩ ብቻ ነው፣ እሱም በሬውን እንጂ እርስዎን አላየም። ስልኩን ሲመልስልኝ ግን ያለውን በደብተሬ ስለ ጻፍኩት ላድርስዎ፤ «ይኼ ሰውዬ ፊቱን ባይደቅንብኝ የፊት እግሩንም አይ ነበር» ነው ያለው። ስለዚህ ስልኮቹ እስኪገዙ ድረስ በገጠሩ ሕዝብ ስም አንድ ልመና አለኝ። ፎቶ መነሣትዎን ከቶ አያቁሙ፤ እንዲያውም ደጋግመው ይውጡልን። ከበሬዎቹ ፊት ግን ትንሽ ዞር ይበሉ።