አገኘች መስሎኝ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 12 ቀን

ለትንሿ ልጄ፣

ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጀምርም፤ ደህና እንዳልሆንሽ አውቃለሁ። እኛ ውለን እናድራለን። እናትሽን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ወዲያ ወዲህ ትላለች። እኔም ሱቁን በሰዓቱ እከፍታለሁ፣ በሰዓቱ እዘጋለሁ። አንድ ትምህርት ቤት የተማሪ ልብስ ስላዘዘኝ ሥራ አለ። እግሬ መኪናውን ይረግጣል፣ እጄ ጨርቁን ይገፋል፤ የቀረው እኔ የት እንዳለ እንጃ።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። እህትሽ የተኛችበት ሆስፒታል ሁኔታዋን ለቤተሰብ ሳያሳውቅ ቀረ ብለሽ አቤቱታ እንዳስገባሽ፣ ነርሷም «ደውያለሁ» ብላ ድርቅ እንዳለች ጽፈሻል። «ማንም አልደወለልኝም» ብዬ እንድፈርምልሽም ጠይቀሻል። አልፈረምኩም። ነርሷ ደውላለች። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ።

ይቺን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አሁን ካልኩት ዘንድ የቀረውን በተራ ልንገርሽ።

እህትሽ ከማረፏ ሁለት ቀን በፊት ነው፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም። የአንድ ሰውዬ ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ስልኩ ሲጮህ ቁጥሩ የውጭ ነው፤ እሷ መስላኝ «ወዬ እናቴ» ብዬ አነሳሁ። የማላውቃት ሴት ናት፤ «ሆስፒታል» አለች። ስሜን ጠርታ አረጋገጠች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር እየቆራረጠች ነገረችኝ። «ጎት» ስትል ሰማሁ። ቀጥሎ «ወርስ» አለች። ደገመችልኝ፤ «ጎት ወርስ»። ከዚያ በኋላ ብዙ ተናገረች፤ አንዱንም አልያዝኩም።

መቼም ታውቂያለሽ፣ በሰፈሩ እንግሊዝኛ አዋቂው እኔ ነኝ። የመድኃኒት ካርቶን የሚመጣው ወደኔ ነው፣ የልብስ ማጠቢያ መመሪያ የሚመጣው ወደኔ ነው። «ዲክሽነሪው» ብለው ያወጡልኝ ለቀልድ ነው፤ እኔ ግን የምር አድርጌ ይዤው ኖሬያለሁ። «ጌት» ማግኘት እንደሆነ፣ «ጎት» ደግሞ አገኘ እንደሆነ አውቃለሁ። «ወርስ»ን አላወቅኩትም። ግን አገኘች እስከተባለ ድረስ ምን ክፉ ነገር ይገኛል? ጥሩ መድኃኒት አግኝታ ይሆናል አልኩ። «የስ፣ የስ፣ ቴንክ ዩ» አልኳት።  ከዚያ «ሶሪ» አለችኝ፤ ሥራ አስፈታሁህ ማለቷ መሰለኝ። «ቴንክ ዩ ቬሪ ማች» ብዬ ዘጋሁት።

ፋርማሲስቷን ታስታውሻታለሽ፣ ከሱቄ የሚለያት አንድ ግድግዳ ነው። እንግሊዝኛ ለሷ ውሃ ነው። ብቅ ብዬ «ወርስ ምንድን ነው?» ብላት፣ ሱሪው ከመኪናው ላይ ሳይወርድ መልሱን ይዤ እመለስ ነበር። ግን የዚያኑ ቀን ጠዋት በደንበኞቿ ፊት «የኛ ዲክሽነሪ» እያለች ስታሞካሸኝ ነበር። አንድ ቃል ጠፋኝ ማለት አፈርኩ። ምክንያቱ ይኸው ነው። ሌላ ብፈልግለትም አላገኘሁም።

ከሆስፒታል እንደተደወለ ከሱቅ በስልክ ነግሬያት ስለነበር፣ ቤት ስገባ እናትሽ በር ላይ ተቀበለችኝ።

«ምን አሉ?»

«አግኝታለች አሉ።»

«ምኑን?»

«እረፍት ነዋ! ከሕመሟ እፎይ ብላለች።»

እጆቿን ፊቷ ላይ አድርጋ ቆመች፣ ከዚያ ሳቀች። «ለትንሿ ልደውልላት» ስትለኝ፣ «ተያት፣ ሥራ ላይ ናት፤ እሁድ ተረጋግተን እንነግራታለን» አልኳት። ካንቺ እስከ እህትሽ በባቡር ሦስት ሰዓት ነው። ያኔም አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት አብራት የምትኖረው ጓደኛዋ ደወለች። እሷ በቋንቋችን ነው የነገረችኝ፤ ወዲያው ገባኝ። አንቺ የደረስሽው አልጋው ተነጥፎ፣ ሌላ በሽተኛ ሊተኛበት ሲል ነው። «አባዬ፣ ከዚያ በፊት ማንም አልደወለላችሁም?» ብለሽ ስታለቅሺ የሐሙሱ ስልክ ትዝ ብሎኛል። ግን እሱ የምሥራች ነበር፤ አንቺ የጠየቅሽኝ ሌላ ነው። «ማንም» አልኩሽ። እናትሽም ሰማችኝ፤ ለሷም የሐሙሱ ስልክ የምሥራች ነበር። ያን ጊዜ የዋሸሁ አልመሰለኝም። ብቻ የሆነ ነገር ውስጤ ገብቶ ቁጭ አለ።

የሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ለትልልቅ ሰዎች እንግሊዝኛ ይሰጣል። ሄጄ ተመዘገብኩ። እናትሽ ለምን ስትለኝ «ለደንበኛ» አልኳት። አንድ ታክሲ ነጂ፣ አንዲት ፀጉር ሠሪና ባሏ ዘንድ ልትሄድ ወረቀት የምትጠብቅ ነፍሰ ጡር አሉ። መምህሯ ያንቺ እኩያ ናት።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐሙስ፣ ሰሌዳው ላይ «ጌት» ብላ ጻፈች። እጄን ቀድሜ አወጣሁ።

«ማግኘት» አልኩ።

«ግማሹን አወቁት፣ አባባ» አለችኝ።

ሰሌዳውን በመስመር ለሁለት ከፈለችው። «ከኋላው ስም ሲመጣ ማግኘት ነው። ደብዳቤ፣ ሥራ፣ ትኬት ይገኛል። ቅጽል ሲመጣ ግን የሚገኝ ነገር የለም፤ ሰውየው ራሱ ነው የሚለወጠው። ይርበዋል፣ ይደክመዋል፣ ይበሰብሳል፣ ያረጃል።»

«ጌት ሪች ደግሞ?» አለ ታክሲ ነጂው። «ሀብት ማግኘት ነው ወይስ መለወጥ?»

«ሀብታም መሆን፣ መለወጥ ነው።»

«እኔ እንኳ በሁለቱም በኩል አላየሁትም!»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «ጌት ወርስስ?» ብዬ ጠየቅኩ። ድምፄ ደህና ነበር።

«እሱም ቅጽል ነው። መባስ ማለት ነው። ስለ አንዲት ሴት ‹ጎት ወርስ› ካሉ፣ ባሰባት ማለታቸው ነው።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። «ባሰባት»። ቀጥሎ መራብን ጻፍኩ፣ መድከምን ጻፍኩ፤ ሰዓቱ እስኪያልቅ ሰሌዳውን በሙሉ ገለበጥኩ። ጽሑፌ ቆንጆ ነው፤ ሳየው ራሴ ይገርመኛል። ሱቅ ተመልሼ አሥራ አንድ ኮሌታ ሰፋሁ። መርፌው አንድ ጊዜ ጣቴን ወጋኝና ነጩን ጨርቅ እንዳላበላሽ ቁራጭ ጠቀለልኩበት። ያመኛል ብዬ ጠበቅኩ። አላመመኝም።

ወረቀትሽ የመጣው በሳምንቱ ነው።

እንግዲህ አቤቱታውን አንሺው። ያቺ ነርስ በኔ የተነሳ ከሥራዋ እንዳትፈናቀል። ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ ነግራኛለች፤ ከዚያ በላይ ምን ታድርግ? ከቻልሽ ደውይላትና «አባቴ አልገባውም ነበር» በያት። ልጅህ ባሰባት ብላ ነግራኝ እኔ «በጣም አመሰግናለሁ» ነው ያልኳት። ምን ዓይነት አባት ነው ብላ ይሆን እስከ ዛሬ?

ዛሬ ጠዋት ለእናትሽ ነገርኳት። ካንቺ ቀድማ መስማት አለባት ብዬ ነው። ድስት እያጠበች ነበር። ስጨርስ ቧንቧውን ዘጋችው። ብትጮህብኝ በወደድኩ፤ አልጮኸችም። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

«ያን ሐሙስና ዓርብ» አለች፣ «ደስ ብሎኝ ነበር። ዓርብ ጎረቤት ሄጄ ስስቅ ነው የዋልኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ልጄ እያጣጣረች እኔ ስስቅ ነበር ማለት ነው?»

ምን ልበላት፣ ልጄ? «አዎ» አልኳት።

ቧንቧውን ከፈተችና ድስቱን ማጠብ ቀጠለች። ንጹሕ ነበር፣ እኔም አይቼዋለሁ፤ እሷ ግን ታጥበው ነበር።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስጨንቅሽም። አንቺን በደግ ዓይን የሚያይ ሰው ከጎንሽ አይጥፋ። ደክሞሽ የምትገቢበት ቤት ሙቀት አይለየው። ከኛ ያጎደለውን በአንቺ ዕድሜ ላይ ይጨምረው።

ስትደውዪ የምታነሳው እናትሽ ናት፤ እኔ ስልክ ማንሳት ትቻለሁ። አጠገቧ ግን እቀመጣለሁ። ለኔ ምንም ማለት የለብሽም። ከሷ ጋር ስታወሪ ድምፅሽ ወደኔም ይተርፋል።

አባትሽ