ዝንጀሮውን ወርሰው ለባለቤቱ ለመለሱት ኃላፊ

ለክቡር የዱር እንስሳት ቁጥጥር ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ በቅድሚያ ከነቤተሰብዎ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ የተሟላ፣ አሥሩም ጣቶችዎ በየቦታቸው ያሉ እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በጭድ ተራ የፍራሽ ጨርቅ ሰፍቼ የማድር፣ የሰባት ዓመቷ የሔርሜላ አባት ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ከዚህ በፊት የላክኋቸው ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ገብተው ስለ ቀሩ ነው፤ ምናልባት እነሱም ተወርሰው ይሆናል። ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1. ጎረቤቴ አቶ ሰብሐት፣ ደንበኛ ይስብልኛል ብለው በፍራሽ መደብራቸው በር ላይ አንድ ወንድ ዝንጀሮ ካሰሩ ሁለት ዓመት አልፏል። ሲመጣ ግልገል ነበር፤ አድጎ ክራንቻ ሲያወጣና መንገደኛ ላይ መዝለል ሲጀምር አቤት አልኩ። ባለሙያዎችዎ መኪና ሞልተው መጡ፤ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማኖር በሕግ መከልከሉን ተራው ሁሉ እስኪሰማ አነበቡ፤ ከዝንጀሮው ጋር ፎቶ ተነሥተው በመንግሥት ስም ወረሱት። እንዲህ ያለ ቆራጥነት በዓይኔ በማየቴ ዕድለኛ ነኝ።

2. የተወረሰ እንስሳ ማኖሪያ ስለሌላችሁ ደግሞ ያንኑ ዝንጀሮ፣ ያንኑ ዕለት፣ እዚያው በር ላይ ለአቶ ሰብሐት በአደራ አስረከባችኋቸው። ጠዋት ሕገወጥ የነበሩት ሰው ከሰዓት በኋላ የመንግሥት ባለአደራ ሆኑ። የአደራ ቅጹን ከነማኅተሙ በመስታወት አስገብተው ከንግድ ፈቃዳቸው ጎን ሰቅለውታል።

3. በጥቅምት ወር ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ፍራሽ የተሸከመ ወዛደር ሲመጣባት፣ ጨዋ ስለሆነች ልታሳልፈው ወደ በሩ ጠጋ አለች። ዝንጀሮው የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ወሰደ። ወሰደ ስል፣ ክቡርነትዎ፣ ዋጠ ማለቴ ነው። አሁን እርሳስ በግራ እጇ መያዝ እየተማረች ነው። ጣቶቿ መቼ እንደሚበቅሉም ትጠይቀኛለች፤ እርስዎ የተማሩ ሰው ስለሆኑ መልሱን ቢልኩልኝ እነግራታለሁ።

4. ባለቤቴ መቅደላዊት ዝንጀሮውን በመጥረጊያ እንጨት መትታ ልጇን ስላስለቀቀች፣ በመንግሥት ንብረት ላይ ጉዳት አድርሰሻል ተብላ ሦስት ቀን ፖሊስ ጣቢያ ተመላልሳለች። ለዝንጀሮው የግንባር ጭረት ሐኪም ልካችኋል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እኛ ግን የነከሳት ይኸው ዝንጀሮ ስለ መሆኑ ማስረጃ አምጡ ተባልን። ማስረጃው በመንግሥት ንብረት ሆድ ውስጥ መሆኑን ለጸሐፊዎ ባስረዳት፣ በጽሑፍ ይቅረብ አለችኝ።

ክቡርነትዎ፣ እጠላዎታለሁ። ይህንንም በታላቅ ትሕትና እገልጻለሁ።

ከወንበርዎ ሳይነሡ ረጅም ዘመን እንዲያገለግሉ በመመኘት፣ ከላቀ አክብሮትና በአፌ ከያዝኩት ምራቅ ጋር፣

ታዛዥዎ
ሙሉብርሃን
ከጭድ ተራ

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሳልጨርስ ከጽሕፈት ቤትዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። አቶ ሰብሐት መደብራቸውን ዘግተው ወደ ሌላ ከተማ ስለ ሄዱ፣ የእንስሳውን ጠባይ በቅርብ የማውቅ ጎረቤት በመሆኔ አደራው ወደ እኔ እንዲተላለፍ መወሰኑን ይገልጻል። በደስታ ፈርሜ ተረክቤያለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮዎ ድረስ አመጣልዎታለሁ፤ ሰንሰለቱ ግን የአቶ ሰብሐት የግል ንብረት ስለሆነ ይዘውት ሄደዋል።