ስለ ቴሲየ የጻፍኩት ሁለት ገጽ

ሊዮን፣ 1959

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ሠላሳ አንድ የላቲን ወረቀት አረምኩ። አምስቱ ይነበባሉ። የቀረው ለእርማት ቀርቶ ለማገዶም አይሆንም። ውጭ ጉም ነው፤ ከመስኮቱ የሶን ወንዝ አይታይም።

ዛሬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላዬ የሳል ድምፅ ሰማሁ። ልክ የራሴ ሳል። ራሴ የሳልኩ እስኪመስለኝ ድረስ… ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። «ማነው?» አልኩ። «እኔ ነኝ፣ ሙሴ።» ኖርበር ቴሲየ፣ ከኋላ ሁለተኛው መደዳ፣ አሥራ ሁለት ዓመቱ። በዚህ ትምህርት ቤት በመጀመሪያው ጥያቄ ጥፋቱን የሚያምን ተማሪ አይቼ አላውቅም። በዕረፍቱ ቀን፣ ሐሙስ፣ እንዲመጣ ቀጣሁት። ሌላው ልጅ ቤቱ ሲያርፍ እሱ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል።

«ሙሉ ቀን ነው ሙሴ?»

«ግማሽ ቀን።»

ፊቱ ጠቆረ። አፍሮ መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 15

የተቀጡትን የመጠበቁ ተራ የኔ ነበር። አራት ልጆች። ቴሲየ በሩ ሳይከፈት ደርሶ ቆሟል። ገብቶ ምድጃው ጥግ ተቀመጠ። አርባ ግስ ሰጠሁት፤ በአንድ ሰዓት ጨረሰ። አንድ ስህተት የለም። ሁለት ጊዜ ፈለግኩ፣ የለም።

«ጨርሰሃል፣ ሂድ።»

«ብቆይስ ሙሴ?»

ቆየ። ጠረጴዛው ላይ ተኛ፤ አፉን ከፍቶ።

መዝገቡን አገላበጥኩ። ከኦክቶበር ወዲህ አንድም ሐሙስ አልቀረም። ዛሬ እኔ ቀጣሁት፣ ባለፈው የሒሳብ መምህሩ፣ ከዚያ በፊት የጂምናስቲኩ… ማን ይሆን ቀጪው? እኛ ነን ወይስ እሱ?

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 20

የቴሲየን የመገናኛ ደብተር ዛሬ ገና በደንብ አየሁት። ቅዳሜ ውጤት እንጽፋለን፣ ሰኞ በወላጅ ተፈርሞ ይመለሳል። የእንጀራ አባቱ ፊርማ፣ ሪቮ፣ አሥራ ሦስት ጊዜ። አሥራ ሦስቱም አንድ ዓይነት፤ አንዲት ጭረት እንኳ ሳትዛነፍ። ሰው ይቸኩላል፣ ይደክመዋል፣ ይጠጣል። እንዲህ አይፈርምም።

«ማን ፈረመው?»

«እንጀራ አባቴ።»

«ውሸታም ብቻ አይደለህም፣ ደደብም ነህ። አሥራ ሦስት ጊዜ እንደ ማኅተም የሚፈርም ሰው የት አይተሃል?»

ደብተሩን አየ። «ታዲያ እንዴት ላድርገው ሙሴ?» አለኝ። ምንም ፌዝ የለበትም። ሰዋስው እንደሚጠይቅ።

በጥፊ መታሁት።

በሦስት ወር ውስጥ እነዚያ ወላጆች ደብተሩ የት ደረሰ ብለው አልጠየቁም ማለት ነው?

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 22

ቤታቸው ሄድኩ። ክሯ ሩስ ኮረብታው ላይ፣ አምስተኛ ፎቅ። ተቆልፏል። የሕንፃው ጠባቂ ሴትዮ መጥረጊያዋን ይዛ ወጣች።

«ማንን ፈልገው ነው?»

«ቴሲየ የሚባለውን ልጅ።»

«በሐሙስ? በሐሙስማ የለም። እነሱ ሥራ ናቸው፤ ቁልፍ አይሰጡትም። አምና ስኳር ጨረሰ ብለው ነጠቁት። መጀመሪያ ደረጃው ላይ ነበር የሚውለው፤ ጎረቤት ሲያጉረመርም አባረርኩት።» መጥረጊያዋን ወደ ሌላው እጇ አዛወረች። «ምን ላድርግ ጌታዬ፣ እኔም አለቃ አለብኝ።»

አምስቱን ፎቅ ሳልቆም ወረድኩ። በሃምሳ አራት ዓመቴ እንዲህ ተናድጄ አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 24

ወላጆቹን ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራኋቸው። ሁለቱም መጡ። እሷ ጓንቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። እሱ ሳቂታ ነው፣ ከሁሉም ጋር የሚግባባ ዓይነት። ደብተሩን ሳሳየው፣

«እዩት ይሄን ቀበኛ! የኔ ልጅ እንኳ አይደለም፤ ስሜን ግን ከኔ አሳምሮ ይጽፈዋል» ብሎ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩም አብሮ ሳቀ።

«ቁልፍ የማይሰጡት ለምንድን ነው ማዳም?»

«ስኳሩን ይጨርሰዋል።»

«ስኳር እኮ ነው።»

«እርስዎ ልጅ አለዎት?»

የለኝም። እንደሌለኝ አውቃ ነው የጠየቀችኝ። ሰዓቷን አየች።

ሲነሱ ሪቮ ኮቱን እየቆለፈ፣ «እኛ ደክሞናል ሙሴ ቮክለን። ለሕፃናት ዳኛ አመልክተናል። እነሱ መላ ይፈልጉለት» አለ። ጫማ ለሶል እንደሚሰጥ ሰው።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 4

ከዳኛዋ መጠይቅ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው። «የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። አጠር ያድርጉት።»

«ቤተሰቡ ልጁን ለማሳደግ ብቁ ነው?» ይላል። የተተወው ቦታ ሦስት መስመር። ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ደረጃውን፣ ቁልፉን፣ ስኳሩን፣ ማንም ያልፈለገውን ደብተር። እናትየው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሰባት ጊዜ ሰዓቷን ማየቷን። «ይህ ቤት አይደለም፤ ልጁ የሚያድርበት አድራሻ ነው» ብዬ ጨረስኩ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። አንድ ሐሰት የለበትም። ዳኛዋ ፊት ሲነበብላቸው ወላጆቹ የሚሆኑትን በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ… ደስ አለኝ። አዎ፣ ደስ አለኝ።

ስለ አርባዎቹ ግሶች አልጻፍኩም። ማን ጠየቀኝ?

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

የቴሲየ ወንበር ባዶ ከሆነ ሦስተኛ ቀኑ። ርዕሰ መምህሩን ኮሪደር ላይ አገኘሁት።

«ተወሰደ እኮ። ጠባይ ማረሚያ። አልሰሙም?»

«ምን አድርጎ?»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ የጻፉት?»

«እኔ የጻፍኩት ስለ ወላጆቹ ነው።»

«አዎ፣ አንብቤዋለሁ፤ ግሩም ነው። ታዲያ ወላጆቹ ናቸው ማረሚያ የሚገቡት?»

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 23

ዳኛዋ ዘንድ ሄድኩ። ወጣት ናት፤ ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ከፊቷ የፋይል ክምር አለ።

«ከደረሱኝ ሪፖርቶች ሁሉ ግልጹ የርስዎ ነው» አለችኝ።

«ሪፖርቱን ልሰርዝ መጥቻለሁ።»

«የቱ ነው ሐሰቱ?»

«ሐሰትስ የለበትም።»

ሳላስበው «ልጁን እኔ ልውሰደው» አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት? እኔው።

«ባለትዳር ነዎት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ዕድሜዎ?»

ነገርኳት። አልሳቀችም፤ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ፋይሉን በቀስታ ከደነችው። ልጁ ሦስት ወር ይጠናል፣ ከዚያ ተራራ ላይ ያለ የእርሻ ትምህርት ቤት ይላካል። እስከ ሃያ አንድ ዓመቱ ሊቆይ ይችላል። ወላጆቹ ተስማምተው ፈርመዋል። ለምን አይፈርሙ? አንሻውም ከማለት አዳንኳቸው፤ እኔ አልኩላቸው።

ሰኞ፣ ማርች 9

ስሙን ከክፍል መዝገብ ሰረዝኩ። በማስመሪያ።

ረቡዕ፣ ማርች 18

እናቱን ትራም ፌርማታ ላይ አየኋት። ነፍሰ ጡር ናት፤ ኮቷ አልዘጋ ብሏል። ቆብ አነሳሁ። ታልፈኛለች ስል ቆመች።

«ሰባት ጊዜ ነው ያሉት? ሰዓቴን ያየሁት?»

«ማዳም…»

«ያን ዕለት ከሥራ የተፈቀደልኝ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር። እሱን ጻፉ?»

አልጻፍኩም። አላወቅኩም። አልጠየቅኩም።

«ዳኛዋ ጮክ ብላ አነበበችው። ባሌ ባለበት፣ ጸሐፊዋ ባለችበት፣ ልጁ ባለበት። ልጁ ሰማ። አሁን ሄጄ በምን ዓይኔ ነው የማየው?»

«ልጅዎ እኮ ነው። ይጠብቅዎታል።»

«እርስዎ ይዩት። ቃላት ያለዎት እርስዎ ነዎት።» ትራሙ መጣ። አንድ እግሯን ትራሙ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ዞረች፤ «ከፋሲካ በኋላ ወደ ግሬኖብል እንሄዳለን። ለሱ ግን አይንገሩት።»

እሑድ፣ ማርች 29

ፋሲካ። የትም አልሄድኩም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 5

ዳኛዋ ፈቃድ ጻፈችልኝ። ጉብኝት የወሩ የመጀመሪያ እሑድ ብቻ ነው፤ ለአንድ ልጅ አንድ ሰው። በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት። በረኛው የያዝኩትን ኬክ በቢላ ሰነጣጥቆ አየና መለሰልኝ።

ራሱን ላጭተውታል። ስገባ ተነስቶ ቆመ፣ እጁን ወደኋላ አድርጎ። ተቀመጥ እስክለው አልተቀመጠም።

«ምግቡ እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው ሙሴ።»

«ይበርዳል?»

«አይበርድም ሙሴ።»

ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቋል። ያ ሳሌን አስመስሎ ክፍሉን ያሳቀ ልጅ የት ገባ? ጥግ የቆመው ጠባቂ፣ «ይሄ እንኳ ጨዋ ነው። አያስቸግርም» አለኝ።

«ያን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ ሙሴ።»

«አንተን ለመጉዳት አልነበረም።»

«አዎ ሙሴ።»

ኬኩን አልነካውም። ጠባቂው ወደ መስኮቱ ዞር ሲል ወደ እኔ ጠጋ አለ።

«አንድ ነገር ብጠይቅዎ ይቆጣሉ?»

«አልቆጣም።»

«በሚቀጥለው ወር ባይመጡስ?» ቶሎ ቶሎ ተናገረ። «ክፉ ስለሆኑ አይደለም። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያስገቡት። እናቴ መጥታ እርስዎ ቀድመው ገብተው ከሆነ ከበር ይመልሷታል። በማርችም አልመጣችም፤ ሥራ ይዟት ይሆናል። ዛሬም ምናልባት…» በሩን አየ።

ሐሙስ ዕለት በቤታቸው በኩል አልፌ ነበር። ጠባቂዋ ሴትዮ ባዶውን ክፍል ትጠርግ ነበር። ሄደዋል።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሐሰት ሰምቼ አላለፍኩም፤ የማንንም፣ የትንሹንም።

«እሺ፣ አልመጣም» አልኩት።

«አመሰግናለሁ ሙሴ።» ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

ስወጣ በረኛው መዝገቡን ከፈተ።

«የሜይ ወሩን ልያዝልዎ? በኋላ ይሞላል።»

«አይ፣ ሌላ ሰው ይመጣለታል።»

«ማን ልበል?»

«እናቱ።»

ጻፈው።