የእትዬን ድምፅ ስላንጣጣው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የግዥና የቁጥጥር ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሁላችንን ስክሪን ሲጠብቁ የሚውሉት ዓይኖችዎ ድካም እንዳያገኛቸው ምኞቴ ነው። እኔ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍል ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች መጻሕፍትን በድምፅ የምቀዳው ሠራተኛዎ ነኝ።

አንደኛ፣ ለቀረጻ የሚሆን ኮምፒውተር ስጠይቅ፣ ማራገቢያው የማይጮህ፣ ጉልበት ያለው፣ የማይክሮፎኑ ድምፅ የሚያልፍበት ሳጥን ለብቻው የሚሰካበት ቀዳዳ ያለው ይሁን ብዬ ነበር። እርስዎ ግን በልግስናዎ ቁልፎቿ በቀይና በአረንጓዴ የሚበሩ፣ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ያላት ቀጭን ላፕቶፕ ላኩልን። ማውሱም፣ ፕሪንተሩም፣ የድምፅ ሳጥኑም በዚያች በአንዲት በር ይጋፋሉ። ስለ ውበቷ እናመሰግናለን፤ ተማሪዎቻችን መብራቱን ማየት ባለመቻላቸው ግን ከልብ አዝናለሁ።

ሁለተኛ፣ ላፕቶፗ ደካማ ብትሆንም እያባበልኩ እሠራባት ነበር። ከክፍልዎ የመጣው ቴክኒሻን ለማዘመን ነው ብሎ አንድ ነገር ከጫነባት ወዲህ ግን ድምፁ ይቆራረጥና ይንጣጣ ጀመር። ገመድ ቀየርኩ፣ ሌላ ሳጥን ተዋስኩ፣ ኢንተርኔቱን ነቀልኩ፤ ወይ ፍንክች። ነገሩ አልዋጥልኝ ሲል ውስጧን በረበርኩና ተደብቆ ስክሪኔን ፎቶ የሚያነሳ ፕሮግራም አገኘሁ። ፎቶ ባነሳ ቁጥር ድምፁ ይጎድላል፤ በክፍልዎ የይለፍ ቃል ስለተቆለፈም ላነሳው አልቻልኩም። መሥራቴን ለማረጋገጥ ሲባል ሥራዬ መበላሸቱን ስረዳ ለብልሃትዎ ያለኝ አክብሮት ጨመረ።

ሦስተኛ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ጡረተኛ መምህርት፣ የጉሮሮ ቀዶ ሕክምና ከማድረጋቸው በፊት ማንበብ የጀመሩትን የታሪክ መጽሐፍ ለመጨረስ መጡ። ከዚያ በኋላ ድምፅ እንደማይኖራቸው ሐኪማቸው ነግሯቸዋል። ያነበቡትን መልሼ ሳሰማቸው መንጣጣቱን የታመመው ጉሮሯቸው ያመጣው መስሏቸው ይቅርታ ጠየቁኝ፤ ውሃ እየተጎነጩም ደጋግመው አነበቡ። ጥፋቱ የጉሮሯቸው ሳይሆን የእርስዎ የኃላፊው እንደሆነ ብነግራቸው ሰውን በከንቱ አትጠርጥር ብለው ገሠጹኝ። አሁን የሚያናግሩን በእጅ ምልክት ነው፤ የመጨረሻው ምዕራፍም እንደተንጣጣ ቀረ። ተናድጃለሁ፤ ይህን በትሕትና የምልበት መንገድ አጥቻለሁ።

ስለዚህ ፕሮግራሙን እንዲያነሱልን፣ ሌላ ኮምፒውተር ሲመርጡም ከመብራቱ ይልቅ ቀዳዳውን እንዲያዩልን በአክብሮት እለምናለሁ።

እርስዎ እንዳይቸገሩ ስክሪኑን ዘወትር ወለል አድርጎ ከፍቶ የሚጠብቅዎት፣
ታዛዥዎ የምድር ቤቱ ድምፅ ቀጂ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እትዬ ሊያነቡ በመጡበት ቀን፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እትዬን ለማሳቅ ስለ አረማመድዎ የቀለድኩት ቀልድ በማግሥቱ በማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ቃል በቃል ደርሶኛል። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም፤ እትዬ ደግሞ ወሬ አያመላልሱም። እንግዲያው ፕሮግራምዎ ፎቶ ብቻ ሳይሆን፣ በላፕቶፗ በራሷ ማይክሮፎን ድምፅም ይወስዳል ማለት ነው። ለምን እንዳዳመጡን አልጠይቅም፤ ማስጠንቀቂያውንም ተቀብዬ እፈርማለሁ። ከቀልዴ ቀጥሎ እትዬ ምዕራፉን ሲያነቡ ፕሮግራምዎ ሳይንጣጣ የወሰደውን ድምፅ ብቻ ይመልሱልን።