የመሻገሪያው ሰባት ሰዎች

ማክሰኞ

ዛሬ ሰላም ሰባቱንም ሰዎቼን በእንግሊዝኛ ገደለቻቸው። ድልድዩ ላይ ቆማ፣ በጣሊያን ጊዜ ወንዛችንን ሲሻገሩ የተመቱትን አርበኞች አንድ በአንድ እየጠራች ትልቅ ቦርሳ ላዘለች ፈረንጅ ተረከችላት። የተማሪዎቼን የፈተና ወረቀት አቅፌ በአጠገባቸው አለፍኩ። ሰላም አየችኝ። ድምጿ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

ሁለት ዓመት የለፋሁበት ነው። ስማቸው፣ የወደቁበት ቦታ፣ ማን እንዳለቀሰላቸው፤ ሁሉም በደብተሬ ነበር። ሰላም አብራኝ የተማረች ጓደኛዬ ናት። “ለሦስት ቀን ብቻ፣ አንብቤ እመልሳለሁ” ብላ ወሰደችው። ከዚያ ገልብጣው መለሰችልኝ፤ የራሷ ጥናት አድርጋ አቀረበችውና አስጎብኚ ሆና ተቀጠረች። ዓመት ሊሞላው ነው።

ፈረንጇ ኤቫ ትባላለች። በየአገሩ እየዞረች ያየችውን ኢንተርኔት ላይ ትጽፋለች፤ ታሪኩን የሰበሰበውንም ሰው በስም ታነሳለች አሉ። የማንን ስም እንደምታነሳ ይታወቃል።

ረቡዕ

የምቀናባቸው ነገሮች፦ ሰላም አንገት ላይ የተንጠለጠለው ባጅ። ሳትፈራ የምትናገረው እንግሊዝኛ። ኤቫ በቀልዷ መሳቋ። ድፍረቷ። ይሄኛው ከሁሉም ይብሳል፤ ድሮ ደፋሯ እኔ ነበርኩ።

ምሳ ሰዓት ሻይ ቤት አገኘኋትና ተናገርኳት።

“አንቺ ደግሞ! ታሪክ እኮ የሕዝብ ነው” አለችኝ።

“ደብተሩስ?”

“ሳጥን ውስጥ ቆልፈሽበት አልነበር? እኔ ባላወጣቸው ማን ያውቃቸው ነበር?”

የሻዬን ከፍዬ ወጣሁ። ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ አምስት መልስ መጣልኝ። አምስቱም ጥሩ ነበሩ።

ራት ላይ እናቴ፣ “ምነው፣ እንጀራው ምን በደለሽ? እየቆረስሽ ትተይዋለሽ” አለች። እንቅልፍ ነው አልኳት።

ሐሙስ

ደስ ብሎኛል። ያሳፍር ይሆናል፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ሰላም ኤቫን ይዛ እማማ የሺ ቤት ሄደች። እማማ የሺ ከሰባቱ የአንዱ ልጅ ናቸው። እናታቸው ለሰባቱ ያወረዱትን ሙሾ ዛሬ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ግጥሙ ደብተሬ ውስጥ አለ፤ እንዴት እንዳገኘሁት ግን አልጻፍኩም። ሰላም ሆዬ በጠራራ ፀሐይ፣ “እማማ፣ እስቲ ያቺን ሙሾ ለእንግዳችን ያውርዱላት” አለቻቸው!

የነገረችኝ ምራታቸው ናት፤ እየሳቀች፣ ጭኗን እየመታች። “ማን ሞተና? በልጆቼ ልታሟርቺ ነው የመጣሽ?” ብለው ከዘራቸውን አነሱ። ኤቫ ሙሾው የተጀመረ መስሏት በስልኳ መቅረጿን ቀጠለች። ሁለቱንም እየተራገሙ ከግቢ አስወጧቸው።

ለቅሶ በሌለበት ሙሾ አውርዱ አይባልም። ሰላምም ይህን አታጣውም። ወረቀት ላይ ስታየው ግን ግጥም ብቻ መሰላት። እኔ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ በየለቅሶው አጠገባቸው እቀመጥ ነበር። ለአዲሱ ሟች አልቅሰው አልቅሰው ወደ አባታቸው ሙሾ ይመለሳሉ። ያኔ ሁለት ስንኝ በቃሌ እይዝና ከአጥር ኋላ ሄጄ እጽፋለሁ።

ዓርብ

ሰላም ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀችኝ። ዓይኗ አብጧል። “አስታርቂኝ። ረግመውኛል፤ እንቅልፍ አጣሁ። አንቺን ይወዱሻል።”

“በመጀመሪያ የማን ሥራ እንደሆነ ለኤቫ ንገሪያት።”

“ከሥራዬ ልታስባርሪኝ ነው?”

“እንግዲያው ከነእርግማንሽ ኑሪ።”

ክፉ ሆኜ ነበር። ብደግመውም እንደዚያው እሆናለሁ።

በመጨረሻ እሺ አለች። ኤቫ ድልድዩ ላይ ትጠብቃት ነበር፤ አብረን ሄድን። ሰላም ወንዙን እያየች በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ኤቫ ሁለታችንንም ተራ በተራ አየችና ስሜን ጻፈች። እንዲህ ቀላል ነበር እንዴ? ዓመት ሙሉ!

ከዚያ እኔና ሰላም እማማ የሺ ዘንድ ሄድን። ሰላም ጉልበታቸውን ሳመች። ወዲያው ማሯት፤ ትንሽ ቢያቆዩአት ደስ ባለኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

“አንቺስ?”

“እኔ ምን አጠፋሁ፣ እማማ?”

“ከአጥር ኋላ ስትጽፊ የማላይሽ መሰለሽ? ይቺ እንኳ ፊት ለፊት ጠየቀችኝ።”

ጆሮዬ ጋለ። ሰላም አንገቷን ደፍታለች፤ ሳቋን ስትውጠው ግን አይቻታለሁ።

ቅዳሜ

በጠዋት መናኸሪያ ሄጄ ኤቫን አውቶቡስ ከመሳፈሯ በፊት አገኘኋት። ከስሜ በላይ የእማማ የሺን እናት ስም እንድትጽፍ ነገርኳት። ስሜን ሰርዢው ግን አላልኩም፤ ለፍቼበታለሁ። “የሰላምንስ ልጨምር?” አለችኝ። አያስፈልግም አልኳት። ወዲያው ሰላም መጣችና ተቃቀፉ፤ የቆዩ እህትማማች ይመስላሉ። አሁንም አንገበገበኝ።

ከሰዓት ብቻዬን እማማ የሺ ዘንድ ተመለስኩ። አሁን ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። የጻፍኩት ይቆይ ወይስ ይቀደድ?

“አንቺ ታለቅሺ ነበር፤ እሱን አይቻለሁ” አሉ። “ነገ ላይኛው ሰፈር ለቅሶ አለ። ነይ። ግን ወይ ታለቅሻለሽ፣ ወይ ትጽፊያለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ አልፈቅድልሽም። ከዚያ ስለ ደብተሩ እነግርሻለሁ።”

ልወጣ ስል፣ “ያቺንም ልጅ ጠርቻታለሁ” አሉኝ።

እስክሪብቶ ይዤ ልሂድ፣ ባዶ እጄን ልሂድ፣ ገና አልወሰንኩም። ከሰላም ቀድሜ አጠገባቸው እንደምቀመጥ ግን ወስኛለሁ።