ስለ ዱሬቲ ጂራ አሥራ አራት ኪሎ

ኅዳር 14 ቀን 1977 ዓ.ም.። የአራት ዓመቷ ዱሬቲ ጂራ አሥራ አራት ኪሎ ትመዝናለች።

ለተከበሩ የሕፃናት ክብደት ጥናት ቡድን መሪ፣
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከጣራ ተንጠልጥሎ ልጆቻችንን ለመዘነው ሚዛንዎ መልካም ጤንነት እመኛለሁ። በጊንጪ ቀበሌያችን ግድግዳ ላይ ያስለጠፉትን የጥናት ውጤት አንብበን ደስታችንን ለብቻችን መያዝ ስላልቻልን፣ የዚህን ደብዳቤ ቅጂ ከጎኑ ለጥፈናል።

1ኛ. በጭልሞ ደን ሥር የሚኖሩ ልጆቻችን ክብደታቸው በቁመታቸው ሲሰላ ከአምቦ ከተማ ልጆች ጋር እኩል መሆኑን፣ በዚህም በከተማና በገጠር መካከል የነበረው ልዩነት መወገዱን ስላበሠሩን እናመሰግናለን። የአምቦዋ የአራት ዓመት ልጅ የእኛን ልጅ በአንድ ራስ እንደምትበልጥ የራስዎ ሜትር መዝግቧል። አጭር ልጅ ለቁመቱ የሚበቃ ክብደት ለማግኘት ብዙ መብላት እንደማያስፈልገው ስላሳወቁን፣ ወደፊትም ልጆቻችን እንዳያድጉ የበኩላችንን እናደርጋለን።

2ኛ. ልጅሽ ትናንት ምን በላ ተብለው እናቶች የተጠየቁት በስብሰባ ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ በተቀመጠበት ነው። በእኛ አገር ሰው ፊት ቆማ «ቤቴ ባዶ ነው» የምትል እናት የለችም። የዱሬቲ እናት ወይዘሮ ወርቅቱም «ገለታ ዋቃ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ጠግባለች፣ ምን ጎድሏት!» አሉ። ከጎመን በስተቀር የጣዱት ነገር እንደሌለ የምናውቅ ጎረቤቶቻቸው አንገታችንን ደፋን። መዝጋቢዎ ግን «በቂ ምግብ» ብለው በሚያምር የእጅ ጽሕፈት አሰፈሩ።

3ኛ. ዱሬቲ ራሷ። መዛኝዎ ሰቅለዋት መርፌው አሥራ አራት ላይ ሲቆም «ይህቺማ የደንዲ ንግሥት ናት!» ካሉ በኋላ፣ ቃሉ ከዘመኑ ጋር እንደማይሄድ ትዝ ሲላቸው «የደንዲ ጓዲት» ብለው አረሙ። ሰዉ ሳቀ። አባቷ ኦቦ ጂራ አልሳቀም። እግሯን በአውራ ጣት ቢጫኑት ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቆያል። የጤና ጣቢያችን ድሬሰር ውፍረት ሳይሆን ረሃብ የቋጠረው ውኃ ነው ብለውናል። በውጤትዎ ግን ከተመዘኑት ሁሉ ወፍራሟ እሷ ስለሆነች፣ ከወተትና ከዘይት እደላው ስሟ ተሰርዟል። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ እንዲህ ያለች ልጅ ወተት ቢጨመርላት የት ልትደርስ እንደምትችል አይታወቅም።

የምለምነው ትንሽ ነው። ከመጪው ቅዳሜ እደላ በፊት አንድ ሰው ልከው እግሯን ያስጫኑልን። ከዚያ በኋላ ውኃው ከሒሳብዎ ይውጣ፤ ስሟ ይመለስ።

ቁመታችን በፈቀደልን መጠን ዝቅ ብለን እጅ የምንነሣ፣ ክብደታችን የተስተካከለ፣
በጎረቤቶች ስም
ከበበው ዲንሳ
ጊንጪ

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው ከቢሮዎ በራፍ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ጸሐፊዎ የደብዳቤ መቀበያውን ማኅተም የያዘው ሰው ለምሳ ስለወጣ ጠብቅ ብለውኛል። ኦቦ ጂራ እግሯን ቢያዩለት ብሎ ልጂቱን አዝሎ አብሮኝ መጥቶ ደጅ ቆሞ ነበር፤ አሁን ገብቶ ፊቷ አብጦ ዓይኗን መግለጥ እንዳቃታት ነገረኝ። ስለዚህ ማኅተሙን ሳልጠብቅ ደብዳቤውን እዚሁ ወንበሩ ላይ ትቼ አብሬው ወደ ሆስፒታል ሄጃለሁ። ሐኪሞቹ ውኃውን ካጎደሉላት ክብደቷ መቀነሱ አይቀርም፤ አማካይዎን ስለምናበላሽብዎ አስቀድመን ይቅርታ እንጠይቃለን።